የወረዳው ዐቃቤ ሕግ ወንበር ባዶ ሲሆን

ይህን የምንልክላችሁ ከካንሳንጋ ነው። ባለፈው ወር ከመካከላችን አንዱ ዕቃው ተሰርቆ፣ ጉዳዩ በካምፓላ ከተማ ለአንድ ፍርድ ቤት ቀርቦ ነበር። ዐቃቤ ሕጉ ተዛውሮ ተተኪ ስላልመጣ ለሌላ ቀን ተቀጠረ። ጓደኛችን፣ «እኔው ራሴ ብከስሰውስ?» ቢል በአጠገቡ የነበሩ ሳቁበት። እኛ አልሳቅንም።

በአያቶቻችን ዘመን ባዶ የሚሆን ወንበር አልነበረምና። ሰው ቢገደል የሟች ዘመድ፣ ንብረት ቢሰረቅ ባለንብረቱ ራሱ ከሳሽ ነው። ተከሳሹ እንዳይጠፋም ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረው፣ ቁራኛ ሆነው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። ሌባው ካልታወቀ አገሬው አውጫጭኝ ይቀመጣል። መልካም ዘመን ነበር ማለታችን ግን አይደለም፤ ዘመድ የሌለው ሟች ከሳሽም አልነበረውም።

ወንበሩን መንግሥት ያቆመው ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1942 በታወጀው የዐቃቤ ሕግ አዋጅ ነው። ይሁን እንጂ የሚቀመጥበት የሕግ ሰው ከየት ይምጣ? በአዲስ አበባ የሕግ ፋኩልቲ የተከፈተው ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1956 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ በብዙ አውራጃና ወረዳ ክሱን የሚያሰማው ፖሊስ ሆነ፤ ይኸውም የያዘውም፣ የመረመረውም፣ የከሰሰውም አንድ መለዮ ለባሽ ማለት ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሥነ ሥርዓት የጥንቱን ከሳሽ ጨርሶ አልሻረውም። በግል አቤቱታ ብቻ በሚያስከስስ ጥፋት፣ ዐቃቤ ሕጉ ማስረጃው አይበቃም ብሎ ቢተወው፣ ተበዳዩ ራሱ እንዲከስስ በጽሑፍ ይፈቅድለታል።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ብዙ የደርግ ዘመን ዳኞችና ዐቃብያነ ሕግ ሲሰናበቱ፣ በየክልሉ ቦታቸውን የጥቂት ወራት ኮርስ የወሰዱ ሰዎች ያዙ። የደርግን ባለሥልጣኖች የሚከስስ ልዩ ዐቃቤ ሕግ በ1984 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ችሎቱ በ1987 ዓ.ም. ተከፍቶ በነመንግሥቱ ላይ የጥፋተኝነት ውሳኔ የተሰጠው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከተከሳሾቹም ከሟቾቹ ወላጆችም ፍርዱን ሳያዩ ያለፉ አሉ።

በኡጋንዳም ታሪኩ ይመሳሰላል። በ1995 (እ.ኤ.አ.) ሕገ መንግሥት የዐቃብያነ ሕጉን ዳይሬክተር ፕሬዚዳንቱ የሚሾሙት በመንግሥት ሠራተኞች ኮሚሽን አቅራቢነትና በፓርላማ ስምምነት ነው። በታችኞቹ ፍርድ ቤቶች ግን ለብዙ ዘመን ቆሞ የከሰሰው የደንብ ልብስ የለበሰ ፖሊስ ነበር።

የጓደኛችን ቀጠሮ የፊታችን ማክሰኞ ነው። ዐቃቤ ሕግ ይምጣ አይምጣ፣ ሁለት ምስክሮች አብረነው እንሄዳለን።