የሽንፋ ፍላጻ፦ ቀጥ ብሎ ለመሄድ ምን ያስፈልጋል?

ደብረ ማርቆስ ላይ «ደጋን» ብትሉ ለብዙ ሰው ቀድሞ የሚመጣለት የእናቶች ጥጥ መንደፊያ ነው። የቀስቱም ደጋን ሥራው ያው ነው፤ የጎበጠ እንጨት፣ የተወጠረ ጅማት። ከጮቄ የሚወርደው ውኃ ዓባይ ይገባል፤ በመተማ በኩል የሚፈሰው ሽንፋም መጨረሻው ዓባይ ነው። በዓለም ላይ ከተገኙት የቀስት ምልክቶች እጅግ ጥንታዊ ከሚባሉት አንዱ የተቆፈረው እንግዲህ እዚያ ሽንፋ ዳር ነው።

በጆን ካፕልማን መሪነት የተሠራው ጥናት በ2024 እ.ኤ.አ. ኔቸር መጽሔት ላይ ወጥቷል። የቦታው ዕድሜ 74,000 ዓመት ገደማ ነው፤ ሱማትራ ላይ የቶባ እሳተ ገሞራ የፈነዳበት ዘመን። ከተገኙት መካከል ትንንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን የድንጋይ ጫፎች አሉ። ተመራማሪዎቹ መጠናቸውን አይተው የፍላጻ ጫፎች ሳይሆኑ አይቀሩም ይላሉ።

ማነሳቸው ለምን ጠቀመ? ፍላጻ ከደጋን ሲለቀቅ ቀጥ ብሎ የሚወጣ ይመስላል። አይደለም። ጅማቱ ከኋላ ድንገት ሲገፋው ዘንጉ ይጎብጣል፤ ከዚያ እንደ ዓሣ እየተወዛወዘ ይሄዳል። በጣም የለሰለሰ ዘንግ ከልክ በላይ ይጎብጣል፤ በጣም የደረቀው ደግሞ ደጋኑን ታኮ ወደ ጎን ያፈነግጣል። ጫፉ ላይ ከባድ ድንጋይ ብታስሩ መጉበጡ ይብሳል። ጫፉ ጭራሽ ከቀለለም የክብደት ማዕከሉ ወደ ኋላ ይሸሽና ፍላጻው ይዋልላል። ላባ ከኋላ የሚታሰረው ለዚህ ነው፤ ጅራቱ ሲያፈነግጥ አየሩ መልሶ ይገፋዋል። የአገራችን ጦር ላባ የለውም፣ ግን ብረቱ ከፊት ስለሚከብድ እሱም አፍንጫውን አይስትም።

ለእኔ ዋናው ነገር ግን መመሳሰላቸው ነው። እስኪ እናስላው፦ ደጋናችሁ ፍላጻውን በሰከንድ 40 ሜትር ይልካል እንበል፤ ሚዳቋዋ 30 ሜትር ላይ ቆማለች። ሁለተኛው ፍላጻ በ10 በመቶ ቢከብድ ፍጥነቱ በ5 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። የአየሩን ግጭት ብንተወው እንኳ፣ ከመጀመሪያው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይደርሳል። ደረቷን ያነጣጠረ ሰው እግሯን ይመታል፣ ወይም አፈር።

ይህ የሚሆነው ደግሞ በድርቅ ጊዜ ነው። የሰጎን እንቁላል ቅርፊት ላይ የተደረገው የኬሚስትሪ ምርመራ አየሩ ከቶባ በኋላ መድረቁን ያሳያል። በዚያው ወቅት ነው ሰፈሩ ውስጥ የዓሣ አጥንት የበዛው።