ክረምት የነካው ጥይት

በምኒልክ ዘመን በአዲስ አበባ ገበያ ጥይት ገንዘብ ነበር። የማሪያ ቴሬዛ ብር ለትንሽ ዕቃ ሲበዛ፣ ገበያተኛው አሞሌ ጨው ወይም የውጅግራ ጠመንጃ ጥይት ይከፍል ነበር። ሁለቱም ውሃ ይፈራሉ። አሞሌ ዝናብ ሲመታው መሟሟቱ በዓይን ይታያል፤ ጥይት ግን ናሱ እያበራ ውስጡ ሊበላሽ ይችላል። ይህን የሚያውቀው የመጨረሻው ተቀባይ ነው፤ እሱም ምላጩን ስቦ ሲከሽፍበት።

ጥይቱ የሚመጣው ከባሕር ዳርቻ በግመል ተጭኖ ነበር። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በ1879 ዓ.ም. ከታጁራ ተነሥቶ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ለምኒልክ ጠመንጃ አምጥቷል። ከባሕር ዳር እርጥበትና ከበረሃ ሐሩር የተረፈውን ጭነት ደግሞ የሸዋ ክረምት ይጠብቀዋል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት፣ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት።

እ.ኤ.አ. በ1874 በፈረንሳይ የወጣው ውጅግራ የሚተኩሰው በጥቁር ባሩድ ነው። ጥቁር ባሩድ ሦስት አራተኛው ገደማ ፖታሲየም ናይትሬት የሚባል ጨው ሲሆን የቀረው ከሰልና ድኝ ነው። ውሃ ሲገባው ጨው ይሟሟል፤ ሲደርቅም ከከሰሉና ከድኙ ተለይቶ ለብቻው ይጋገራል። ስለዚህ ፀሐይ ላይ የተሰጣ ባሩድ ደረቀ እንጂ ዳነ አይባልም።

ከ1886 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፈረንሳዩ ለበን ጠመንጃ የገባው ጭስ አልባ ባሩድ ይህን ታሪክ ለወጠው። ውሃ አያሟሟውም። ቀለሁ በደንብ ከተደፈነ፣ ዝናብ ነክቶት ወዲያው የተጠረገ ጥይት ብዙ ጊዜ ይተኩሳል። ለወራት እርጥብ ቦታ የከረመው ግን ሌላ ነው፤ ከቀለሁ ሥር ያለው መቀጣጠያ ይደክማል። ከፍጹም ክሽፈት ይልቅ የሚያስፈራው ይህ ድካም ነው። ባሩዱ በግማሽ ልብ ሲቃጠል እርሳሱ አፈሙዝ ውስጥ ተቀርቅሮ ይቀራል፤ ተኳሹ ሳያውቅ ሁለተኛ ቢደግም ጠመንጃው እጁ ላይ ሊፈነዳ ይችላል።

የደረቀና በክምር የተቀመጠ ጥይት ምን እንደሚያደርግ አዲስ አበባ ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም. አይታለች። ኢሕአዴግ ከተማዋን በያዘ በሳምንቱ በደቡብ በኩል ንፋስ ስልክ የነበረው የጥይት መጋዘን ፈነዳ። ብዙ ሰው ሞተ። ከሟቾቹ አንዱ ኬንያዊው የድምፅ ባለሙያ ጆን ማታይ ነበር፤ የ1977ቱን ረሃብ ለዓለም ያሳየው ካሜራማን መሐመድ አሚን ደግሞ ግራ እጁን አጣ።

እርጥብ መሬት ውስጥ የተቀበረ ጥይትስ? ቦሌን እንውሰድ፤ በምኒልክ ዘመን ከከተማው ውጭ ያለ ሜዳ ነበር። የአውሮፕላን ማረፊያው በ1950ዎቹ ከልደታ ወደዚያ ከተዛወረ በኋላ ሜዳው ሰፈር፣ ሰፈሩም ፎቅ ሆነ። መሬቱ ግን መረሬ ነው፤ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። እንዲህ ያለ አፈር ውስጥ የከረመ ጥይት ናሱ አረንጓዴ ዝገት ይለብሳል፣ አንዳንዴም ይበሳል። በመሠረት ቁፋሮ ቢወጣ፣ ባሩዱ ሞቷል ወይስ መቀጣጠያው አሁንም ሕያው ነው የሚለውን ከውጭ አይቶ መናገር የሚችል የለም፤ መዶሻ የነካው ወይም እሳት ውስጥ የወደቀ እንደሆነ ሊፈነዳ ይችላል።