ዜና ወለተ ጴጥሮስ፤ ጳጳስ በታጣበት ዘመን ስላስተማረች እናት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ። በዐፄ ሱስንዮስና በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን የነበረችውን፣ ሰባት ማኅበር ያቆመችውን የእናታችንን የወለተ ጴጥሮስን ዜና እንጽፋለን። የሠራችውን ሁሉ ለመዘርዘር ብራናውም ቀለሙም አይበቃንምና፣ ሴት ሆና ሳለ እንዴት መምህርት ለመባል እንደ በቃች የሚያስረዳውን ብቻ መርጠን እንጽፋለን።

ወለተ ጴጥሮስ በ1584 ዓ.ም. ግድም ተወለደች። አባቷ ባሕር ሰገድ፣ እናቷ ክርስቶስ ዕበያ ይባላሉ፤ ትውልዳቸው ከደዋሮና ከፈጠጋር መኳንንት የሚመዘዝ ነው። ለዐቅመ ሔዋን በደረሰች ጊዜ መልክአ ክርስቶስ ለሚባል ታላቅ ሰው ዳሯት። እርሱም የዐፄ ሱስንዮስ የጦር አለቃና አማካሪ ነበር። ሦስት ልጆች ወለደች፤ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱ። ከዚህ በኋላ ልቧ ከዓለም ሸፈተ። ቤቷ ሙሉ፣ ባሏ ሹም፣ ወገኗ ብዙ ሆኖ ሳለ፣ ይህ ሁሉ ከሞት እንደማያስጥል በሦስት ትንንሽ መቃብሮች ተማረችና ለመመነን አሰበች።

አሁን ስለ ንጉሡ ነገር እንናገር። ዐፄ ሱስንዮስ በ1599 ዓ.ም. ዐፄ ያዕቆብን ጎል በተባለ ስፍራ ድል ነሥቶ መንግሥቱን ያዘ። በዚያን ጊዜ ፔድሮ ፓኤዝ የሚባል የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን በአገሩ ነበረ፤ ብልህና አንደበተ ርቱዕ ሰው ነውና በንጉሡ ዘንድ ተወደደ። ንጉሡም ከባሕር ማዶ የጦር ርዳታ ተስፋ ያደርግ ነበር። የንጉሡ ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስም ወደ ሮማ ሃይማኖት ፈጽሞ አዘነበለ። በቤተ መንግሥት የክርስቶስ ባሕርይ አንድ ነው ሁለት ነው የሚል ክርክር በዛ፤ ጥቂት ቆይቶም ክርክሩ በጦር ሆነ።

በ1609 ዓ.ም. የንጉሡ አማች ዮልዮስ ስለ ሃይማኖት ሸፈተ። ጳጳሱ አቡነ ስምዖንም የንጉሡን ወገን አውግዘው ከዮልዮስ ጋር ወጡ። ውጊያው በሆነ ጊዜ ዮልዮስ ሞተ፤ አቡነ ስምዖንም በዚያው ሜዳ ተገደሉ። ከእርሳቸው በኋላ የአገሩ ሃይማኖት እስኪመለስ ድረስ ከግብፅ ሌላ ጳጳስ አልመጣም። አንባቢ ይህን ልብ ይበል፤ የሚመጣው ነገር ሁሉ ከዚህ የተነሣ ነውና። መንበሩ ባዶ ሆነ፤ የሚክን ጠፋ፤ ከሊቃውንቱም ገሚሱ ፈራ፣ ገሚሱ ሹመት ወደደ፣ ገሚሱ ወደ በረሓ ሸሸ።

ከዚያ ጦር ሜዳ መልክአ ክርስቶስ ወደ ቤቱ ሲገባ የተገደሉት የጳጳሱ ልብስ በእርሱ ዘንድ ነበረ። ወለተ ጴጥሮስ አስቀድማ አንድ ጊዜ ከመነኮሳት ጋር በሌሊት ከቤት ወጥታ ነበር፤ ነገር ግን ባሏ የተጠለለችበትን አገር በወታደር ቢያስጨንቅ፣ ድኻው በእርሷ ምክንያት እንዳይጎዳ ብላ ተመልሳ ነበር። የልብሱን ነገር በሰማች ጊዜ ግን መመለስ የሌለበት ነገር ሆነ። የጳጳስ ደም ካለበት እጅ ጋር ማዕድ አልቆርስም አለች፤ እህልም ተወች፣ ጌጧንም ጣለች። መልክአ ክርስቶስም ሰውነቷ እየከሳ ሲሄድ አይቶ፣ በግድ የያዛት ሚስት እንደማትሆነው ዐውቆ ለቀቃት። እርሷም ጠጕሯን ተላጭታ ቆብ ደፋች።

በምንኩስናዋ መጀመሪያ እኅተ ክርስቶስ ከምትባል መነኮሳይት ጋር ተገናኘች፤ እርሷም እንደ ወለተ ጴጥሮስ ባሏን ትታ የመነነች ነበረች። ሁለቱ በተያዩ ጊዜ ከጥንት ጀምረው የሚተዋወቁ መሰሉ፤ ከዚያም ቀን ወዲህ በስደትም በሰላምም እስከ ሞት ድረስ አንዲቱ የሌላዋ ምርኩዝ ሆና ኖረች። የባላባት ልጅ የነበረችው ወለተ ጴጥሮስ ውኃ ቀዳች፣ እንጨት ለቀመች፣ ወፍጮ ፈጨች። ገረዶች ይሠሩላት የነበረውን ሁሉ በእጇ ሠራች።

ወደ መንግሥቱ ነገር እንመለስ። በ1614 ዓ.ም. ዐፄ ሱስንዮስ የሮማን ሃይማኖት በግልጥ ተቀበለ፤ ፓኤዝም በዚያው ዓመት ሞተ። በ1617 ዓ.ም. አልፎንሶ ሜንዴዝ ከሮማ ፓትርያርክ ተብሎ መጣ፤ በ1618 ዓ.ም. የካቲት ንጉሡና መኳንንቱ ደንቀዝ ላይ በፊቱ ቆመው ለሮማው ፓፓ ታዛዥነታቸውን በመሐላ አጸኑ። ከዚያ በኋላ የወጣው ሥርዐት ሕዝቡን አስጨነቀ። ሰንበተ አይሁድ ይሻር ተባለ፤ ጾሙ ተለወጠ፤ ካህናቱ ክህነታችሁ አይጸናም ተብለው እንደገና እንዲካኑ፣ ሕዝቡም እንደገና እንዲጠመቅ፣ ታቦቱና ቤተ ክርስቲያኑም እንደገና እንዲባረክ ታዘዘ። አያቱ የተጠመቀበትን ውኃ ከንቱ ያሉበት ገበሬ ምን እንደተሰማው ለመናገር ጸሐፊ አያሻም።

ወለተ ጴጥሮስ ዝም አላለችም። ከአገር አገር እየዞረች፣ ከሃይማኖት የወጣውን ንጉሥ ስም በቅዳሴ አትጥሩ፣ ከመሠዊያውም አትቀበሉ እያለች አስተማረች። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የንጉሥ ስም በቅዳሴ ካልተጠራ ንግሥናው በእግዚአብሔር ፊት አልታወቀም ማለት ነውና፣ ንግግሯ ሦስት ሺህ ጦር ከማስከተል የከፋ ሽፍትነት ሆነ። ደግሞም ብቻዋን አልነበረችም። በዚያ ዘመን ባሎቻቸው ለሹመት ብለው ሲያጎነብሱ እምቢ ያሉ ብዙ ወይዛዝርት ነበሩ፤ ኢየሱሳውያን ራሳቸው በጻፉት ደብዳቤ እነዚህን ሴቶች አማርረዋል። በአገራችን ሴት ርስት ትወርሳለች፤ የራሷ መሬት፣ የራሷ ወገን፣ የራሷ የነፍስ አባት አላት። ባል ሃይማኖቱን ቢለውጥ ሚስት በርስቷ ላይ ቆማ ለስደተኞች መነኮሳት እህል መስፈር ትችል ነበር። የመኳንንቱ አዳራሽ የንጉሡን ቃል ሲቀበል፣ ጓዳው አልተቀበለም።

ንጉሡ በሰማ ጊዜ ተቈጥቶ አስጠራት። መኳንንቱ በተሰበሰቡበት አቆሟት፤ ሞት ሊፈረድባት ቀርቦ ሳለ ወገኖቿና የቀድሞ ባሏ ለመኑላት። እርሷን መግደል የታላላቅ ቤቶችን ቂም መቀስቀስ ነውና ንጉሡ ተዋት። እርሷ ግን ማስተማሯን አልተወችም፤ ወደ ዋልድባ በረሓ ወርዳ ከስደተኞቹ መነኮሳት ጋር ሆነች። ዳግመኛ ተይዛ በመጣች ጊዜ ንጉሡ ለፓትርያርኩ ሰጣት። ሜንዴዝም መጽሐፍ እየገለጠ ሊያሳምናት ደከመ፤ አልሆነለትም። ከዚህ በኋላ በምዕራብ በኩል ወዳለው ቆላ፣ ዠበይ ወደሚባል ሐሩር አገር እንድትጋዝ ታዘዘ።

በዠበይ ሦስት ዓመት ተቀመጠች። ጠባቂዋ ክፉ ሰው ነበርና ክብሯን ሊደፍር አሰበ፤ እግዚአብሔር ጠበቃት፤ በኋላም ያ ሰው ፈርቷት አገልጋይዋ ሆነ ብሎ ገድሏ ይናገራል። ንጉሡ ወደዚያ ቆላ የሰደዳት ስሟ እንዲጠፋ ነበር፤ ነገር ግን ያለችበትን የሰሙ መነኮሳትና መነኮሳይያት በንዳዱና በጥሙ ውስጥ አልፈው መጥተው ከበቧት። የመጀመሪያው ማኅበሯ የቆመው በግዞት ቤቷ ነው።

ስለ ማኅበራቷ ደግሞ ገድሏ እንዲህ ይላል። በዋልድባ ሳለች ጌታ ተገልጦ ብዙ ነፍሳትን እንደሚያስጠብቃት ነገራት፤ እርሷም ራሴን ያላዳንሁ ሌላውን እንዴት አድናለሁ ብላ ተከራከረች። ወደደችም አልወደደችም ሆነ። ከዠበይ በኋላ በደምብያ ጫንቋ፣ ከዚያም ምጽሌ፣ ዘጌ፣ ደምቦዛ፣ አፈር ፈረስና ዛምቦል፣ በድምሩ ሰባት ማኅበር አቆመች። የንጉሡ ሰዎች ሲመጡባት በታንኳ ወደ ደሴት ትሻገራለች፤ በሽታ ሲገባ ማኅበሩን ይዛ ትሰደዳለች። ወንዶችና ሴቶች በየክፍላቸው ይኖራሉ፤ ይህ የእኔ የሚሉት ገንዘብ የላቸውም፤ የመኳንንት ልጅና የድኻ ልጅ ከአንድ ማዕድ ይበላሉ። ሐሜትን እንደ መርዝ ትጠላ ነበር። ቅዳሴውን ካህናቱ ይቀድሳሉ፤ እርሷ ካህን አልሆነችም፣ ልሁንም አላለችም። ነገር ግን ማን እንደሚገባ፣ ማን እንደሚወጣ፣ እህሉ እንዴት እንደሚከፈል፣ የተጣላው እንዴት እንደሚታረቅ የምታዝዘው እርሷ ነበረች፤ ካህናቱም ይታዘዟታል።

ከዚህ በኋላ የመንግሥቱ ነገር ተገለበጠ። በላስታ የሸፈተው መልክአ ክርስቶስ፣ ይኸውም ስሙ ከወለተ ጴጥሮስ ባል ጋር አንድ የሆነ ሌላ ሰው ነው፣ በ1624 ዓ.ም. ከንጉሡ ጋር ወይና ደጋ ላይ ገጠመ። ንጉሡ ድል አደረገ፤ ሜዳው ግን በገዛ አገሩ ገበሬ ሬሳ ተሸፈነ። ልጁ ፋሲለደስና መኳንንቱ፣ እነዚህ የወደቁት አረመኔ አይደሉም፣ ክርስቲያኖች ናቸው አሉት። በዚያው ዓመት ሰኔ ንጉሡ የቀድሞው ሃይማኖት ይመለስ ብሎ ዐወጀ፤ መንግሥቱንም ለፋሲለደስ አስረከበ። በመስከረም 1625 ሞተ። ፋሲለደስም ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጣ፤ በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ቈረቈረ።

እነሆ፣ የነገራችን ዋና ክፍል ይህ ነው። ሰላም በሆነ ጊዜ የተሸሸጉት ሊቃውንት ከየዋሻቸው ወጡ፤ ወንበራቸውንም ፈለጉ። ሕዝቡ ግን ወደ ወለተ ጴጥሮስ ሲጎርፍ አዩና ቀኑባት። ወደ አባ ፈትለ ሥላሴ ሄዱ፤ እርሱም በዘመኑ የታወቀ መምህር ነበረ። ሐዋርያው ጳውሎስ ሴት እንዳታስተምር አልከለከለምን፤ ይህች ሴት ሳለች እንዴት አለቃና መምህርት ትሆናለች ብለው ጠየቁት። ተንኰል ያለበት ጥያቄ ነው፤ ሰይፍ በተመዘዘበት ቀን ግን ይህን ጥያቄ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም።

አባ ፈትለ ሥላሴ የጳውሎስን ቃል አልካደም። መልሱ ግን ጠያቂዎቹን ራሳቸውን በሸንጎ ፊት ያቆመ ነበር። እኛ በሳትን ጊዜ እግዚአብሔር ለተግሣጻችን አስነሣት፤ ከእኛ የወሰደውን ሹመት ለእርሷ ሰጠ፤ ስለዚህ ልትሽሯት አይቻላችሁም የሚል ነበር። በሐዋርያት ዘመን ገማልያል ለአይሁድ ሸንጎ የመከረውንም አስታወሳቸው፤ ከሰው የሆነ ነገር በራሱ ይፈርሳል፤ ከእግዚአብሔር የሆነ ግን አይፈርስም። ጠያቂዎቹም ዝም አሉ።

ወለተ ጴጥሮስ ሃይማኖት ከተመለሰ በኋላ ዐሥር ዓመት ማኅበሯን ጠበቀች። ታመመችም፤ በሕማሟም ሳለች እኅተ ክርስቶስን በስፍራዋ ሾመች፤ ሕዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም. በሃምሳ ዓመቷ ዐረፈች። በጣና ውስጥ ባለችው በሬማ ደሴት ቀበሯት። እኅተ ክርስቶስም ማኅበሩን እስከ 1641 ዓ.ም. መርታ ተከተለቻት። በዚያም ወራት በጣና ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ በቋራጣ በስሟ ገዳም ቆመ፤ ቋራጣም ከዚያ ወዲያ የተበደለ ሰው ሸሽቶ የሚማጸንበት ደብር ሆነ። በንጉሥ ቍጣ ስትሰደድ የኖረች ሴት፣ ከሞተች በኋላ የስደተኞች መጠጊያ ሆነች።

በ1665 ዓ.ም. ገላውዴዎስ የሚባል መነኩሴ ገድሏን በግእዝ ጻፈ። ከሞተች ሠላሳ ዓመት ሆኖ ነበርና፣ ዐይቻለሁ ሳይሆን ሰምቻለሁ እያለ፣ ከእርሷ ጋር ከነበሩት አፍ ለቅሞ ጻፈ። ከነዚያም ብዙዎቹ ከእርሷ ጋር የፈጩና በታንኳ የተሻገሩ መነኮሳይያት ነበሩ። ብዕሩ የመነኩሴ ነው፤ ያን ሁሉ ዓመት ቃሉን ሳይጥሉ የጠበቁት ግን ሴቶች ናቸው። እንግዲህ ሴት በቤተ ክርስቲያን ምን አስተማረች ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፣ አስቀድሞ መምህራኑ በሸሹ ቀን ማን እንደቀረ ይጠይቅ።

ከወለተ ጴጥሮስ በፊት በዚያው በጣና ሐይቅ ዳር በጓንጉት ቅድስት ክርስቶስ ሠምራ ነበረች፤ ከእርሷ በኋላም ሌሎች ሴቶች ተነሥተዋል። የእነርሱን ዜና ሌላ ይጽፈዋል። ሕጉ ስለ ወለተ ጴጥሮስ አልተለወጠም፤ ሴት ዛሬም በመንበር አትቀድስም። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን ሕዳር 17 ቀን የምታስበው ልትሽሯት አይቻላችሁም የተባለላትን ሴት ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።