ምትኬ፣ ምትክ፣ መጠባበቂያ ቅጂ

ቋንቋው አማርኛ የሆነ አንድሮይድ ስልክ ቅንብሩ ሲከፈት «ምትኬ» የሚል መስመር ብቅ ይላል። መጀመሪያ ያየው ሰው የሰው ስም ቢመስለው አይፈረድበትም። ምትኬና ምትኩ፣ እንደ ካሳ ሁሉ፣ ሐዘን የነካው ቤት የሚያወጣቸው ስሞች ናቸው፤ የሞተው ባይመለስም በእሱ ፈንታ ሌላ መጣ ለማለት። ስልኩ ግን ስለ ልጅ እያወራ አይደለም። ባክአፕ ማለቱ ነው።

በካፋዋ ቦንጋ ከተማ ያረጀ የቤት ኮምፒውተሩን ተሸክሞ ጠጋኝ ዘንድ የሚሄድ ሰው «ምትኬ» የሚል ቃል አይሰማም። ሣጥኑ ጠረጴዛ ላይ ሲያርፍ የሚቀርበው ጥያቄ «ባክአፕ አለህ?» የሚል ነው። ከሚሰጡት መልሶች አንዱ ደግሞ «አዎ፣ ዲ ላይ አለ» ነው። ይህ መልስ ጠጋኙን ፈገግ ያሰኘዋል። ሲ እና ዲ በአብዛኛው የቤት ኮምፒውተር የአንድ ሃርድ ዲስክ ሁለት ክፍሎች ናቸው፤ ዲስኩ ሲሞት ሁለቱም አብረው ይሞታሉ።

ባክአፕ ማለት ዋናው ፋይል ቢጠፋ፣ ቢበላሽ ወይም ቢሰረቅ እንዲደርስ አስቀድሞ ሌላ ዕቃ ላይ የተቀመጠ ቅጂ ነው። «ምትክ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ያነክሳል። ምትክ የሚመጣው ከጉዳት በኋላ ነው፤ መታወቂያው የጠፋበት ሰው ምትክ ያወጣል፣ መሬቱ የተወሰደበት ምትክ ቦታ ይጠይቃል። «መጠባበቂያ» ግን ጉዳቱ ሳይደርስ ይዘጋጃል፤ ተጠባባቂ ተጫዋች መለያውን ለብሶ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ማንም ሳይጎዳ ነው። ችግሩ መጠባበቂያ ብቻውን ሲቆም ስለ ቅጂ ምንም አለመናገሩ ነው። በጎተራ የተቀመጠ መጠባበቂያ እህል ሌላ እህል እንጂ የተበላው እህል ግልባጭ አይደለም። ስለዚህ ሁለቱን አጣምሮ «መጠባበቂያ ቅጂ» ማለቱ ይሻላል። ረዘም ቢልም ሐሳቡን ሳያጎድል ይይዛል። ጠጋኙ ባክአፕ ማለቱን ባይተው ግን የሚከፋ የለም።

ጉዳዩ ሰሞኑን የብዙ ቤት ጉዳይ ሆኗል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ብዙ አሮጌ ኮምፒውተሮች ደግሞ ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀውን የደህንነት ቺፕ ስለሌላቸው ለመሻገር ይቸገራሉ። ያም ሆኖ ያረጀ ሁሉ አይጣልም። ሣጥኑ ሲከፈት አቧራ የደፈነው ማራገቢያ ይታያል፤ ከሥሩ ደግሞ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ሰሃን ያለው ሃርድ ዲስክ። እሱን ነቅሎ ምንም የሚሽከረከር ነገር በሌለው ኤስኤስዲ መተካትና ራም መጨመር ለመነሳት ደቂቃዎች የሚፈጅበትን ኮምፒውተር በሴኮንዶች ያስነሳዋል። መብራት ሄድ መለስ በሚልበት ከተማ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ፋይል በብዛት የሚጠፋው ግን ዲስኩ ሲያረጅ ብቻ አይደለም፤ ልክ በዚህ የማሻሻል ሰዓትም ነው። የተሳሳተው ክፍል ፎርማት ይደረጋል፣ ለዓመታት ሲሽከረከር የኖረው ሰሃን በመጨረሻው ግልበጣ መሃል ይቆማል። 200 ጊጋባይት ፎቶና ሰነድ በአሮጌው የዩኤስቢ 2 ቀዳዳ፣ በሴኮንድ 30 ሜጋባይት እየሄደ፣ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ የቀረው ጊዜ ይፈጃል። ያንን ሁለት ሰዓት ለማትረፍ ተብሎ የጠፋው ፎቶ ብዙ ነው።

ቅጂው የት ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ የካፋ ሰው በቡናው በኩል የሚያውቀው ነው። ከቦንጋ ወጣ ብላ በዴቻ ወረዳ የምትገኘው ማንኪራ፣ ካፋዎች የቡና መገኛ ናት የሚሏት ስፍራ ነች፤ እናት የሚሏት ዕድሜ ጠገብ የቡና ዛፍም በጫካዋ ውስጥ አለች። (የጅማዋ ጮጬም ይህንኑ ክብር ትጠይቃለች፤ ክርክሩን ለባለቤቶቹ መተው ይሻላል።) ዩኔስኮ የካፋን ደን ከ700 ሺህ ሄክታር በላይ በሚሸፍን ክልል በ2002 ዓ.ም. በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መዝግቦታል።

ታዲያ ያ ጫካ አንድ ቀን ቢመነጠርስ? ጤፍና ስንዴ ደርቀው በጂን ባንክ ቅዝቃዜ ለብዙ ዓመት ይቀመጣሉ። የቡና ፍሬ ይህን አይችልም፤ በዚያ ዓይነት ቅዝቃዜ የመብቀል አቅሙን ያጣል። ስለዚህ የቡና መጠባበቂያ ቅጂ ማሳ ላይ ተተክሎ፣ እየታረመና እየተገረዘ መኖር አለበት። ጮጬ ያለው የቡና ማሳ ጂን ባንክ ከየጫካው የተሰበሰቡ በሺህ የሚቆጠሩ የቡና ዓይነቶችን የያዘው በዚህ መንገድ ነው። አረቢካ ቡና በአብዛኛው በራሱ አበባ ብናኝ ስለሚራባ ልጁ እናቱን ይመስላል፤ ቅጂ ለማለት የሚያስደፍረውም ይህ ነው። ኮምፒውተርም ዘንድ ነገሩ ብዙ አይለይም። መሳቢያ ውስጥ ተጥሎ አምስት ዓመት ያልተነካ ፍላሽ፣ በተለይ እንደ ቦንጋ ዝናብና እርጥበት በማይለየው አገር፣ ሲሰኩት ዝም ሊል ይችላል።

ርቀትም ዋጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ የተለቀመው የጌሻ ቡና ወደ ታንዛኒያው ልያሙንጉ የምርምር ጣቢያ ተወሰደ፤ እ.ኤ.አ. በ1953 ኮስታ ሪካ ካቲዬ የተባለው ተቋም ደርሶ ቲ2722 የሚል ቁጥር ተሰጠው። ፓናማ ውስጥ ከገበሬዎች ማሳ ገብቶ ለብዙ ዓመት ተረስቶ ቆየና በውድድር ዓለምን አስደነቀ። የት እንደተለቀመና በየት እንዳለፈ ዛሬ መከተል የተቻለው መዝገብና ቁጥር አብሮት ስለተጓዘ ነው። በኮምፒውተር ቋንቋ «አዲስ ፎልደር 3» ብሎ ከማስቀመጥ ይልቅ «የልጆች ፎቶ፣ 2010–2015» ብሎ መጻፍ ማለት ነው።

ይህን ርቀት የዘለለ ምን እንደሚደርስበት ደቡብ ኮሪያ አሳይታለች። መስከረም 16 ቀን 2018 ዓ.ም. በዴጆን ከተማ የመንግሥት የዳታ ማዕከል ላይ በተነሳ የባትሪ ቃጠሎ፣ የመንግሥት ሠራተኞች የሥራ ፋይል የሚያስቀምጡበት ጂ-ድራይቭ የተባለ ሥርዓት 858 ቴራባይት ይዞ ተቃጠለ። ውጭ የተቀመጠ ቅጂ አልነበረውም። ሀብታሙ አገር «ዲ ላይ አለ» ከሚለው የቦንጋ ደንበኛ ብዙም አልራቀም ነበር።

ፎቶግራፈሩ ፒተር ክሮግ ያስለመደው 3-2-1 የሚባል ልማድ አለ፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ለአንድ ቤት ይህ ኮምፒውተሩ፣ ነቅለው ቁም ሣጥን የሚያስቀምጡት ውጫዊ ሃርድ ዲስክና ጅማ ወይም አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ያለ ሌላ ዲስክ ሊሆን ይችላል። መንቀሉ የግድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ዓለምን ያመሰው ዋናክራይን የመሰለ ቫይረስ ተሰክቶ ያገኘውን ዲስክ ሁሉ አብሮ ይቆልፋል። ለውጭው ቅጂ ጎግል በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋባይትም ያገለግላል፤ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ቴሌግራምም እንዲሁ፣ ፎቶው በፎቶነት ሳይሆን በፋይልነት ከተላከ። በፎቶነት የተላከው ተጨምቆ ጥራቱን ያጣል። ሲንክ የሚባለውን ግን ከባክአፕ መለየት ይገባል፤ ስልክ ላይ የጠፋው ፎቶ ደመናው ላይም አብሮ ከጠፋ የነበረው መስታወት እንጂ መጠባበቂያ አልነበረም።

የቅጂ ፈተናው መመለሱ ነው፤ በቡናም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ሲቢዲ የሚባለው የፍሬ በሽታ የኢትዮጵያን ቡና ሲያጠቃ፣ የጅማ ተመራማሪዎች መድኃኒቱን ያገኙት ደን ውስጥ ነበር። 74110 የሚባለው ዛሬም በስፋት የሚተከል ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1974 ከመቱ አካባቢ የተመረጠ ነው፤ የቁጥሩ መነሻ ዓመቱን ይናገራል። ተመራማሪዎቹ ደኑ ውስጥ አለ ብለው አልተቀመጡም፤ ዛፎቹን በበሽታው እየፈተኑ የቻለውን ለዩ።

የአንድሮይዱ አማርኛ ቅጂን ለመመለሱ ሥራ «ወደነበረበት መልስ» ይላል፤ ይህ ትርጉም ምንም አይወጣለትም። ቦንጋ ላይ ሥራው እንዲህ ይሠራል፦ ውጫዊው ዲስክ ጎረቤት ኮምፒውተር ላይ ይሰካል፣ ከመሃል አንድ የሠርግ ፎቶ፣ አንድ የደብዳቤ ፋይልና አንድ ቪዲዮ ይከፈታሉ፤ ቪዲዮው እስከ መጨረሻው ይታያል። ከተከፈቱ ብሎኑ ይፈታና አሮጌው ዲስክ ይነቀላል።