አንበጣ በጓሮ

በእናቴ ጓሮ፣ የጠዋቱ ጤዛ ገና ከጎመኑ ላይ ሳይረግፍ፣ የጣት ያህል የረዘመ አንድ አንበጣ ቅጠል ላይ ተቀምጦ ያገኘሁበትን ቀን ዛሬም አልረሳውም፤ መልኩ አፈርማ፣ ክንፉ በቡናማ ነጠብጣብ የተዥጎረጎረ፣ ዓይኑ ከላይ ወደ ታች በቀጫጭን መስመር የተሰነተረ ነበር፤ ብርዱ አደንዝዞት ኖሮ ሳይሸሽ እጄ ላይ ሲወጣም የእግሩ እሾህ ቆዳዬን ቆንጠጥ ሲያደርገው ይሰማኝ ነበር። እናቴ ግን አንበጣውን ከእጄ ከማንሣቷ አስቀድማ ቀና ብላ ሰማዩን አየች። አንዲት ትንሽ ፍጥረት አይቶ ወደ ሰማይ ማንጋጠጥ ምን እንደሆነ በዚያ ዕድሜዬ አልገባኝም፤ በኋላ መጻሕፍት ሳገላብጥ ግን ያ አስተያየት ከእርሷ ብዙ መቶ ዓመት የሚቀድም የአበው ልማድ መሆኑን ተረዳሁ።

ከፖርቱጋል ንጉሥ መልእክተኞች ጋር በ1520 (ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ) በምጽዋ በኩል ገብቶ ስድስት ዓመት ያህል በአገራችን የቆየው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ በ1540 በታተመው መጽሐፉ፣ የአንበጣው መምጣት በዋዜማው እንደሚታወቅ ይተርካል፤ የፀሐይ ብርሃን ይገረጣል፣ የምድሩም መልክ ከክንፋቸው በሚያርፍበት ነጸብራቅ ቢጫ ይሆናል፣ ሕዝቡም ይህን ምልክት ባየ ጊዜ ጠፋን እያለ እንደ በድን ይሆናል። የፍጥረቱን ስም አልቫሬዝ የጻፈው ከአገሬው አፍ እንደ ሰማው ነውና፣ ያ «አምባታ» የሚለው ቃሉ ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ ለሚያነብ ኢትዮጵያዊ አስተርጓሚ አያሻውም።

ይኸው ቄስ በባሕረ ነጋሹ ከተማ በድባርዋ ሳለ አንበጣው ምድሩን በሸፈነ ጊዜ ያደረገው ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ ያስደንቃል። ካህናቱንና ሕዝቡን አስከትሎ፣ መስቀል አስይዞ፣ እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ እየተባለ በምህላ ወደ ስንዴው እርሻ ወጣ፤ ሌሊቱን የጻፈው የውግዘት ጦማር ከእርሱ ጋር ነበርና፣ ጥቂት አንበጦች እንዲያዙለት አዝዞ፣ በሦስት ሰዓት ውስጥ ጉዞ ጀምረው ወደ ባሕር ወይም ሰው ወደማይኖርበት ተራራ እንዲሄዱ፣ እንቢ ቢሉ ግን የሰማይ አዕዋፍና ማዕበል እንዲያጠፏቸው የሚያዘውን ቃል በፊታቸው አነበበና፣ ለቀሩት እንዲያደርሱ ብሎ ለቀቃቸው። ሰዎቹ ወደ ከተማ ሲመለሱ መንጋው ከኋላቸው እየበረረ ራሳቸውንና ትከሻቸውን እንደ ድንጋይ ውርወራ መታቸው፤ ከዚያም ከወደ ባሕር ነጎድጓድና በረዶ የተቀላቀለበት ዝናም ተነሥቶ ሦስት ሰዓት ያህል ወረደ፤ ወንዙ ሲጎድል በዳርና ዳሩ የሞተው አንበጣ ሁለት ክንድ ከፍታ ተከምሮ ታየ።

ይህን ታሪክ አላዋቂነት ነው ብሎ ማለፍ ለእኔ አይሆንልኝም። ምንም መከላከያ ያልነበረው ሕዝብ፣ እህሉን የሚበላበትን ፍጥረት ሕግ እንደሚሰማ፣ መልእክትም እንደሚያደርስ አድርጎ ሲያነጋግረው፣ ኀዘኑ ሥርዓት ይዞ ሲናገር እሰማዋለሁና።

አንበጣው የእኛን ጓሮ ብቻ ያየ እንዳይመስለን፣ በ1693 በጀርመን አገር ምድር እስኪሸፈን ወረደ። በዚያ ዘመን የግእዝና የአማርኛ ሊቅ የነበረው ኢዮብ ሉዶልፍ፣ የአምሐራው ተወላጅ አባ ጎርጎርዮስ በ1652 ጎታ ድረስ ሄደው ያስተማሩት ሰው፣ በዓመቱ በ1694 ስለ አንበጣ አንድ ድርሳን ጽፎ የኢትዮጵያ ታሪክ ብሎ ላሳተመው መጽሐፍ ተጨማሪ አደረገው። እስራኤል በምድረ በዳ የበሉት፣ እኛ ድርጭት የምንለው፣ በእርሱ ሐሳብ አንበጣ ነበር፤ በዚህ እኔ አልከተለውም፤ ነገር ግን በገዛ አገሩ መስክ ላይ የወረደውን እንግዳ ሲያይ ብዕሩ ወደ ኢትዮጵያ ታሪክ መመለሱ ደስ ያሰኘኛል።

በእኛ ዘንድ ምህላው ሲያበቃ ሥራው የእጅ ነበር፤ ሽማግሌው ጅራፍ ያጮኻል፣ ሴቶች እርጥብ ቅጠል አንድደው ጓሮውን በጢስ ይሞላሉ፣ ልጆች ቆርቆሮ ይደበድባሉ፤ መንጋውም ከአንዱ ጓሮ ተነሥቶ በጎረቤት ላይ ያርፋል። በ1958 የደረሰው አንበጣ በኢትዮጵያ 167,000 ቶን እህል እንዳጠፋ ተጽፏል። አንድ አንበጣ ሁለት ግራም ያህል ቢመዝን በየቀኑ የክብደቱን ያህል ይበላልና፣ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሸፈነ መንጋም እስከ 80 ሚሊዮን ይደርሳልና፣ ቆርቆሮው ምን ያህል ሊረዳ እንደሚችል አንባቢ ያስበው።

ከየት ይመጣል ለሚለው ጥያቄ አበው ከባሕር፣ ከበረሃ፣ ከቁጣም ይሉ ነበር። በእንግሊዝ አገር ይሠራ የነበረው ሩሲያዊው ቦሪስ ኡቫሮቭ ግን በ1921፣ ሊቃውንት ሁለት ልዩ ወገን ናቸው ያሏቸው አንበጦች፣ ብቸኛውና መንጋ የሚሆነው፣ አንድ ዘር መሆናቸውን አስረዳ። በበረሃው አንበጣም ነገሩ እንዲሁ ነው፤ ዝናም ዘንቦ ከበዙ በኋላ ሣሩ ሲያልቅ በጥቂቱ ልምላሜ ላይ ይሰበሰባሉ፤ በመጋፋቱም የኋላ እግራቸው ደጋግሞ ሲነካ ጠባያቸው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይለወጣል፣ ብቸኝነቱ ይቀርና እርስ በርሳቸው ይፈላለጋሉ፣ ቆይቶም መልካቸው ወደ ቢጫና ወደ ቀይ ይዞራል። በሌላ አነጋገር ያ እጄ ላይ የወጣው አፈርማ ፍጥረትና አልቫሬዝ ያወገዘው ሠራዊት አንድ ሥጋ ናቸው።

ልዩነታቸው በሚበሩበት ሰዓት ጭምር ነው፤ መንጋው ፀሐይ ሞቆ በቀን ይጓዛል፤ ብቸኛው ግን ከመሸ በኋላ፣ ማንም ሳያየው ይበራል። እናቴ ያን ጠዋት ቀና ብላ የፈለገችው ሰማይ ጥርት ያለ ነበር፤ እርሱ ጎመኑ ላይ ያረፈው እኛ ተኝተን ሳለን ነው።