የሐረር ፔጆና የመካኒኩ ሙያ

በፈረንሳይ በ1960 (እ.ኤ.አ.) የወጣውን ፔጆ 404 የነደፈው የኢጣሊያው ፒኒንፋሪና ነው። በምሥራቅ አፍሪቃ ሳፋሪ ውድድር በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አሸንፎ ጽናቱን አስመሰከረ። በሐረርም ታክሲ ሆኖ ወደ ጊደር መጋላ የሚወርደውን ገበያተኛ ፈረስ መጋላ ድረስ ሲያደርስ ኖሯል።

የቤት አውቶሞቢሉ ምርት በፈረንሳይ በ1975 ቢያበቃም፣ መኪናው በሐረር ጎዳና ለብዙ ዓመታት ዘልቋል። ለዚህ አንዱ ምክንያት አሠራሩ ነው፤ የሞተሩ ሲሊንደሮች ሲበሉ ተነቅለው በሌላ ይተካሉ። ስለዚህ በግቢው የሚሠራ መካኒክ፣ ታላቅ መሣሪያ ሳይኖረው፣ ሞተሩን አድሶ ይመልሰዋል።

ጁገል በ2006 በዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በእጅ ብቻ የሚተላለፈው የመካኒኩ ዕውቀት ግን ካልተጻፈ ከባለቤቱ ጋር ያልፋል። ይህን መመዝገብ የሙያ ባልደረቦች ሁሉ ግዴታ ነው።