የፍቅር ፊልም እንጦጦን ሲሻገር

የአማርኛ ፊልም ታሪክ ሲጻፍ ሁልጊዜ የሚነሳው ከአዲስ አበባ አዳራሾች ነው። ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ካለው የፒያሳ ማሳያ ይጀምርና በሲኒማ ኢትዮጵያ፣ በአምፒር፣ በአምባሳደር አድርጎ የገበያ ማዕከሎቹ ሲኒማ ላይ ይቆማል። እንጦጦን አይሻገርም። እኔ ያደግሁት ከእንጦጦ ማዶ፣ ሱሉልታ ነው። ከአዲሱ ገበያ ሚኒባስ ተሳፍሮ ዳገቱን ወጥቶ ለሚወርድ ሰው ቅርብ ናት። በልጅነቴ ግን ሲኒማ ቤት አልነበራትም። ለእኛ የፍቅር ፊልም ማለት በካሴት፣ ኋላም በዲስክ ተጠቅልሎ ቤታችን የገባው ነው። ይህ የታሪኩ ግማሽ ሳይጻፍ መቅረቱ ያሳዝነኛል።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ከትምህርት ቤት መልስ ጎጃም መንገድ ዳር ባለች አንዲት የካሴት ማከራያ ቤት እሠራ ነበር። ተከራይ የቀበሌ መታወቂያውን ያስይዛል፤ እኔ በደብተር ስሙን፣ የፊልሙን ርዕስና የሚመልስበትን ቀን እጽፋለሁ። ካሴቱን ወደ መጀመሪያው ሳያጠነጥን የመለሰ ይቀጣል። የህንድ ፊልም መደርደሪያ ላይ አያድርም። ለገናና ለፋሲካ ደግሞ የቪዲዮ ዴክ ያለው ቤት የሌላውንም ጎረቤት ስለሚሰበስብ፣ ለበዓል የሚሆን የፍቅር ፊልም ለማግኘት ሰው ከቀናት በፊት መጥቶ ያስመዘግባል።

ሱሉልታ ብርዳም ናት። ክረምት ሜዳው ውሃ ሲይዝና ጉሙ ሲወርድ እርጥበቱ ካሴቱ ውስጥ ይገባና ዴኩ ቴፑን ይበላዋል። ያን ጊዜ ካሴቱን በብሎን መፍቻ እንከፍታለን። የተጨማደደውን በምላጭ ቆርጠን ሁለቱን ጫፎች በፕላስተር ከጀርባ እንለጥፋለን። የተቀጠለው ቦታ ላይ ምስሉ ብልጭ ብሎ ይዘላል። በዚህ ሥራ የተማርኩት አንድ ነገር አለ፦ ቴፕ የሚያልቀው እኩል አይደለም። ተመልካቹ የወደደው ቦታ ላይ እየመለሰ ስለሚያይ ነጫጭ መስመሩ የሚበዛው እዚያ ነው። «ታይታኒክ» በፈረንጆቹ 1997 ወጥቶ በዓመቱ በካሴት ሲሸጥ አሜሪካ ውስጥም በሁለት ካሴት ነበር፤ ከሦስት ሰዓት በላይ ይረዝማላ። ወደ እኛ የደረሰው ቅጂም ሁለት ካሴት ነው። ልጁና ልጅቷ መርከቧ አፍንጫ ላይ እጃቸውን ዘርግተው የሚቆሙበት ቦታ ሲደርስ ፊታቸው ሊለይ አይችልም ነበር። ሱሉልታ የትኛውን ትዕይንት እንደወደደች መጠይቅ ሳያስፈልግ ከቴፑ ላይ ይነበብ ነበር።

የራሳችን ፊልም የት ነበር? ኢላላ ኢብሳ የጻፈው «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» የታየው በ1957 ዓ.ም. ነው፤ «ጉማ» በ1966 ተከተለ፤ የሰሎሞን በቀለ ወያ «አስቴር» ደግሞ በ1980ዎቹ። ሁሉም በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም የተሠሩ ናቸው። እንዲህ ያለ ሥራ ከባድ ማሳያ፣ አዳራሽና የሠለጠነ ሠራተኛ ይፈልጋል። በሚኒባስ ላይ ተጭኖ ሱሉልታ የሚደርስ ነገር አልነበረም። እናቴ የ«ሂሩት»ን ወሬ ሰምታለች፤ ፊልሙን ግን አላየችውም።

ይህን የለወጠው የቪዲዮ ካሜራ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን» ፍቅርንና ኤች አይ ቪን አንድ ላይ አንስቶ ሲመጣ፣ በዲጂታል ቪዲዮ የተቀረጸ ሥራ ትልቅ አዳራሽ ሊሞላ እንደሚችል ካሳዩት አንዱ ሆነ። ከዚያ በኋላ የአማርኛ ፊልም ጎረፈ፤ «የወንዶች ጉዳይ»ን የመሰለ የፍቅር ኮሜዲ የከተማው መነጋገሪያ ሆነ። የሱሉልታ ወጣት እሑድ እሑድ አዲስ አበባ ወርዶ ይሰለፍ ነበር። የማታው ትርኢት ሲያበቃ ግን እንጦጦን የሚሻገር ታክሲ ማግኘት ጭንቅ ነበር። በተለይ ለሴት ልጅ። ሥራ ያለበት፣ ልጅ ያለባት፣ ላም የምታልብ ሁሉ ዲስኩ እስኪወጣ መጠበቅ ነበረበት።

ጥበቃው ደግሞ ረጅም ነበር። አንድ ፊልም አዳራሽ ውስጥ ወራት ይቆይ ነበር። ዲስኩ ፊልሙ ከአዳራሽ ወርዶም ብዙ ቆይቶ ነበር የሚወጣው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ዲስኩ በወጣ በማግስቱ ያለፈቃድ ይባዛ ነበር። በሌሎች አገሮች ግን የቤት ተመልካች ገቢ ያስገኝ ነበር። በአሜሪካ ከ1980ዎቹ (በፈረንጆቹ) ማብቂያ ጀምሮ ስቱዲዮዎቹ ከሲኒማ ይልቅ ከቤት ቪዲዮ የበለጠ ገንዘብ ያገኙ ነበር። ናይጄሪያ ደግሞ አዳራሹን ጨርሳ ዘለለችው፤ በ1992 (በፈረንጆቹ) ኬኔት ንኔቡዌ ፕሮዲዩስ ያደረገው የኢግቦኛው «ሊቪንግ ኢን ቦንዴጅ» በቀጥታ በካሴት ተሸጦ አንድ ኢንዱስትሪ አስነሳ። የእኛ ፕሮዲዩሰር ግን እንጀራውን ከአዳራሽ ትኬት ለቅሞ፣ ዲስኩን እንደ መጨረሻ ቃርሚያ ለቀቀው። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 በ1996 ወጥቷል፤ ጥሩ ሕግ ነው። ነገር ግን መንገድ ላይ ዲስክ የሚያዞረውን ልጅ ከማሳደድ አልፎ የሚያባዛውን ሲይዝ ብዙም አላየንም። በዚህ ፕሮዲዩሰሩ ተጎዳ፤ ከአዲስ አበባ ውጭ ያለው ተመልካችም አብሮ ተጎዳ። ቤት ሆኖ የሚያየው ሰው ገንዘብ ቢያስገኝ ኖሮ ማንም ያን ያህል አያስጠብቀንም ነበር።

ዲስኩ ቪሲዲ ነበር። በአንዱ የሚገባው 74 ደቂቃ ገደማ ስለሆነ የአማርኛ ፊልም በሁለት ዲስክ ይመጣ ነበር። የመጀመሪያው ሲያልቅ አንድ ሰው ተነስቶ ይቀይራል፣ ቡናው ይቀዳል፣ ክርክሩ ይነሳል፦ «ይታረቃሉ»፣ «አይታረቁም»። አዳራሽ ውስጥ ያየ ሰው ይህን ዕረፍት አያውቀውም። እኔ ግን የፊልሙን ግማሽ ጣዕም ያገኘሁት ከዚያ ክርክር ነው። እኛ ቤት ወተት የሚያመጡልን እናት አማርኛ እምብዛም አይሰሙም ነበር። እኛም «አዴ» እንላቸዋለን። የልጅ ልጃቸው እግራቸው ሥር ተቀምጣ ንግግሩን ወደ ኦሮምኛ ትመልስላቸዋለች። አንድ ማታ ዋናው ተዋናይ ስለሰርጉ ወጪ ሲያማርር «አባቷ ቤት ሽማግሌ ሳይልክ ምን ዓይነት ጋብቻ ነው?» ብለው ተቆጡ። ቤቱ ሁሉ ፊልሙን ትቶ በእሳቸው ጥያቄ ላይ ተወያየ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ዲስኩ ማጫወቻው ሆድ ውስጥ ይቀራል፤ ታሪኩን የሚጨርሰው ጎበዝ ተራኪ የሆነ ጎረቤት ነው።

የቅድስት ይልማ «ረቡኒ» በ2007 ገደማ አዳራሾቹን ሲሞላ የዲስኩ ዘመን እያበቃ ነበር። ማከራያ ቤቶቹ «ሙዚቃና ፊልም እንጭናለን» የሚል ጽሑፍ ለጥፈው በፍላሽና በሚሞሪ መጫን ጀመሩ። በ2008 ቃና ቴሌቪዥን ወደ አማርኛ የተመለሱ የቱርክ ድራማዎችን በየማታው ሲያቀርብ ብዙ ቤት የፍቅር ታሪኩን ከዚያ አገኘ። ከዚያም ዩቲዩብ መጣ። እኔ የሠራሁባት ቤት ዛሬ የስልክ መለዋወጫ ትሸጣለች።

የቀሩት ዲስኮች እየጠፉ ናቸው። የተባዛ ዲስክ ቀለሙ ይለቃል፤ አንዴ ከለቀቀ የሚመልሰው የለም። በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከተሠሩት የፍቅር ፊልሞች ውስጥ ዋናው ቅጂ በአንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ብቻ የነበረ ይኖራል፤ ያ ሃርድ ዲስክ ከተበላሸ የሚተርፈው እንደ ሱሉልታ፣ እንደ ሰበታና እንደ ቡራዩ ባሉ ከተሞች ቁም ሳጥን ውስጥ የተቀመጠው ቪሲዲ ነው። ስለዚህ ቤታችሁ ኦርጅናል ዲስክ ከነሽፋኑ ካላችሁ አትጣሉት። ሳይጫር ኮምፒውተር ላይ አውርዱት፣ የፕሮዲዩሰሩን ስም ከሽፋኑ ላይ አንብቡና ፈልጋችሁ ጠይቁት፤ ዋናው ቅጂ ጠፍቶበት ከሆነ የእናንተን ስጡት።